የተመለጠና አረም የወረሰው የግቢ ሳር እንዴት ያገግማል? በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለገዙ የቀረበ ማብራሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎች የቤት ገበያ የሚደራው ከኤፕሪል እስከ ጁን ባሉት ወራት በመሆኑ፣ ብዙው አዲስ ባለቤት ቁልፉን ተረክቦ ከግቢው ጋር በቅጡ የሚተዋወቀው ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ቤቱ ለሽያጭ ሲቀርብ በፎቶ ላይ አረንጓዴ መስሎ የታየው ሳር ቀረብ ብለው ሲያዩት ከፊሉ አረም፣ ከፊሉ ባዶ አፈር ሆኖ ይገኛል፤ ጁላይ ሲደርስ ደግሞ የተረፈውም ይገረጣል። በዚህን ጊዜ የተለመደው እርምጃ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መደብር ሄዶ ዘር፣ ማዳበሪያና ፀረ አረም መግዛት፣ ከሰዓት በኋላም ሦስቱንም መበተን ነው። ገንዘቡና ድካሙ በአብዛኛው ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱ ነገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወር አላቸው፣ ዘርና ፀረ አረም ደግሞ አብረው ከዋሉ አንዱ ሌላውን ያጠፋል።

ሳሩ ለምን በየቦታው ይመለጣል?

የሣር ዝርያዎች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ፣ በማርችና በኤፕሪል እንዲሁም ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር በርትቶ የሚያድግ፣ በከፍተኛ ሙቀት ግን የሚዳከም ነው። ሁለተኛው ሙቀት ወዳድ ሲሆን በሰመር ይለመልማል፣ በቅዝቃዜው ወራት ግን እንደ ገለባ ደርቆ ይከርማል፤ እኛ ሰርዶ የምንለው ሣርና ዞይዢያ የሚባለው ዝርያ ከዚህ ወገን ናቸው። የዋሽንግተን አካባቢ ከሁለቱ መካከል ላይ የወደቀ ስለሆነ ሰመሩ ለመጀመሪያው፣ ቅዝቃዜው ለሁለተኛው ይከብዳል። ሥሩ ጠለቅ ስለሚልና ሙቀትን ከአቻዎቹ በተሻለ ስለሚችል፣ የሁለቱ ግዛቶች የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለአብዛኛው ግቢ የሚመክሩት ቶል ፌስኪዩ የተባለውን ቀዝቃዛ ወዳድ ሣር ነው። በአካባቢው የሚገዛ ቤት ግቢም ብዙውን ጊዜ የለበሰው እርሱን ነው።

ይህ ሣር ታዲያ ነገሩን ሁሉ የሚወስን አንድ ባሕርይ አለው። ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ ባገኘው ክፍት ቦታ ሥር ይሰድዳል፤ ቶል ፌስኪዩ ግን በበቀለበት ስፍራ ቅጠል እያበዛ ይወፍራል እንጂ ወደ ጎን ይህን ያህል አይጓዝም። ስለዚህ ውሻ ሸንቶበት፣ መኪና ቆሞበት ወይም ድርቅ መትቶት የሞተ ቁራጭ ቦታ ውሃም ማዳበሪያም ቢበዛለት ራሱን አይሸፍንም። ሰው እስኪዘራበት ድረስ ባዶ ይቆያል፤ ሰው ካልዘራበት ደግሞ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየ የአረም ዘር ብርሃን አግኝቶ ይበቅልበታል። አረሙ ሳሩን ገፍቶ ያባረረው ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የገባው ሳሩ ከሞተ በኋላ ነው። አረም ብቻ እየነቀሉ ወይም እየረጩ ግቢ የማይለመልመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተለቀቀውን ቦታ ሳር ካልያዘው ሌላ አረም ይይዘዋል።

የሞተበትን ምክንያት በምን ማወቅ ይቻላል?

ዘር ከመግዛት በፊት ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ አዲሱም ሳር የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። በዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋተኛ የአፈሩ መጠቅጠቅ ነው። አፈሩ ሸክላማ ነው፤ ቤቶቹ ሲሠሩ የላይኛው ለም አፈር ተገፍቶ በከባድ ማሽን የተደመደመው የታችኛው አፈር ላይ ሳር የተነጠፈባቸው ግቢዎችም ጥቂት አይደሉም። መሬቱ እርጥበት ባለው ቀን ተራ ጠመንጃ መፍቻ በእጅ ሲጫኑት ጥቂት ኢንች እንኳ መግባት ካቃተው፣ የሳሩም ሥር አይገባም ማለት ነው።

ሁለተኛው የአፈሩ አሲዳማነት ነው። አሲዳማነት ፒኤች በሚባል መለኪያ ይታወቃል፤ 7 መካከለኛ ሲሆን ከዚያ ባነሰ ቁጥር አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። ለሣር የሚስማማው ከ6 እስከ 7 ያለው ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ ምግቡን በሚገባ መውሰድ ያቅተዋል። መድኃኒቱ በአገር ቤትም ለአሲዳማ እርሻ የሚውለው ኖራ ነው፤ ይሁን እንጂ ኖራ አፈሩን ለመለወጥ ወራት ይፈልጋል፣ አፈሩ የማያስፈልገው ከሆነም ይጎዳል። ስለዚህ መጠኑ በግምት ሳይሆን በላቦራቶሪ ምርመራ መወሰን አለበት። በቨርጂኒያ የናሙናውን ሣጥን ከካውንቲው የኤክስቴንሽን ቢሮ ወስዶ ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ራሱ አፈር አይመረምርም፤ የኤክስቴንሽን ክፍሉ ግን ናሙና የሚቀበሉ ላቦራቶሪዎችን ዝርዝርና የናሙና አወሳሰዱን ያሳያል።

ሌሎቹ ምክንያቶች በዓይን ይለያሉ። የሞተው ሳር ሲስቡት እንደ ምንጣፍ ተገንጥሎ ከተነሣ ሥሩን የበላው የጥንዚዛ እጭ ሊሆን ይችላል፤ አፈሩን በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር ገለጥ አድርጎ በአንድ ካሬ ጫማ ውስጥ ከአስር በላይ ነጫጭ፣ ቅስት የሠሩ ትሎችን ማግኘት ችግሩን ያረጋግጣል። በጁላይና በኦገስት በወበቃማ ሌሊቶች ክብ ክብ ቡናማ ቦታዎች ከታዩ ፈንገስ ነው፤ ይህን በሽታ የሚያባብሱት በሙቀት ወራት የሚጨመር ማዳበሪያና አመሻሽ ላይ የሚጠጣ ውሃ ናቸው። ትልቅ ዛፍ ሥር የሳሳው ደግሞ በሽታ የለበትም፣ የጎደለው ፀሐይ ነው።

አረሞቹስ አንድ ዓይነት ናቸው?

አይደሉም። የመደብሩ መደርደሪያ በጠርሙስ የተሞላውም አንዱ መድኃኒት ለሌላው ስለማይሠራ ነው። በሦስት ከፍሎ ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹ ባለ ሰፋፊ ቅጠል አረሞች ናቸው፤ ቢጫ አበባ የሚያወጣው ዳንደላየንና ክሎቨር የሚባለው፣ በአገር ቤት ማጌጥ የምንለው ተክል ዓይነት በብዛት ይታያሉ። አብዛኞቹ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ሲሆኑ ቅዝቃዜው ሲቃረብ ምግባቸውን ከቅጠል ወደ ሥር ያወርዳሉ። ሳሩን ሳይነካ ሰፊ ቅጠሉን ብቻ የሚገድለው መራጭ ፀረ አረም በኦክቶበር ሲረጭ ከኤፕሪሉ ይልቅ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ መርዙ ከምግቡ ጋር አብሮ ወደ ሥር ይወርዳል። ክሎቨርን በተመለከተ፣ ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰደ አፈሩን የሚያዳብርና ንብ የሚመግብ ተክል ስለሆነ በሰላም የሚተዉት ሰዎች ምክንያታቸው ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው ክራብግራስ ነው። ራሱም ሣር ስለሆነ ሰፊ ቅጠል ገዳዩ መድኃኒት አይነካውም። ዕድሜው አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ የአፈሩ ሙቀት 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ፣ ማለትም በዋሽንግተን የቼሪ አበቦች በሚፈኩበት ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መብቀል ይጀምራል፣ በሰመር ይንሰራፋል፣ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመታው ይሞታል። በኦገስት ግቢውን የሞላው ክራብግራስ ስለዚህ ብዙም መድኃኒት አያሻውም፤ ዘር ሳያፈራ ማጨድና መንቀል፣ የቀረውን ለውርጩ መተው ይበቃል። ሰርዶ ግን በዚህ አይታለልም፤ ከመሬት በታችም በላይም እየተሳበ የሚዘልቅ፣ በሰመር የሚገን፣ በቶል ፌስኪዩ ውስጥ ከገባ ለማስወጣት ከሁሉ አስቸጋሪ የሆነ ሣር ነው።

ሦስተኛው ነትሴጅ ሲሆን ከሳሩ ቀድሞ ሽቅብ የሚመዝ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ ተክል ነው። ግንዱ በጣት ሲያሽከረክሩት ባለ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃል፤ የቀጠማና የእንግጫ ዘመድ ነው፣ እንደ እነርሱም እርጥብ ቦታ ይወዳል። ከሥሩ ትናንሽ ፍሬዎች ስለሚቀብር አንድ ጊዜ መንቀል አይበቃውም። መገኘቱ ራሱ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ የሚተኛበት ወይም የመስኖ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ቦታ እንዳለ ይጠቁማል።

ዘርና ፀረ አረም ለምን አብረው አይሆኑም?

ክራብግራስን ከመብቀሉ በፊት የሚከላከለው መድኃኒት በላይኛው አፈር ላይ ስስ ሽፋን ይፈጥራል፣ ቡቃያውም ሥር ሊሰድድ ሲል ያመክነዋል። ይህ መድኃኒት በር ላይ እንደቆመ፣ እንግዳን ከሌባ እንደማይለይ ዘበኛ ነው፤ የክራብግራስንም በገንዘብ የተገዛውን የሳር ዘርም እኩል ይመልሳል። ኃይሉ ደግሞ ለሁለትና ለሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በኤፕሪል ይህን በትኖ በዚያው ወር የሚዘራ ሰው ዘሩን ለወፍ መበተኑ ነው። ሳይዱሮንና ሜሶትሪዮን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ከዚህ ደንብ ውጭ ስለሆኑ በሚዘራበት ጊዜም ሊውሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ የምርቱን ስም ሳይሆን ከሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ማንበብ ያስፈልጋል። በኤፕሪል ሊደረግ የሚገባው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው፤ ለብዙው ሰው የሚሻለው በዚያ ወር አረሙን መከላከልና ዘሩን ለሴፕቴምበር ማቆየት ነው።

ለምን ሴፕቴምበር?

በኤፕሪል የተዘራ ሳር ያማረ ሆኖ ይበቅላል፣ ነገር ግን ሥሩ ሳይጠልቅ የጁላይ ሙቀት ይደርስበታል፣ በዚያ መካከልም ክራብግራሱ አብሮት እየበቀለ ይሻማዋል። በሴፕቴምበር የተዘራው በተቃራኒው በሞቀ አፈርና በቀዘቀዘ አየር መካከል ይበቅላል፤ አፈሩ ሙቅ ስለሆነ ዘሩ በአንድና በሁለት ሳምንት ይፈነዳል፣ ክራብግራሱም ወደ ሞቱ እያዘገመ ነው። አዲሱ ሳር እስከ ቅዝቃዜው ወራት ያሉትን ሳምንታትና ተከታዩን ማርችና ኤፕሪል ለሥሩ ይጠቀምባቸዋል። ለእኛ ጊዜውን ማስታወስ ቀላል ነው፤ ከቡሄ በኋላ ባለው ሳምንት ጀምሮ በመስቀል መጨረስ ነው። ቢዘገይ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ያለፈው ግን ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበታል።

በጁን ቤት የተረከበ ሰው ታዲያ እስከዚያ ምን ይሥራ? አፈሩን ያስመርምር፣ ሳሩን ከፍ አድርጎ ይጨድ፣ አረሙ እንዳያፈራ ይቆጣጠር። ሰመሩን ሳይዘሩ ማሳለፍ ለጎረቤት ስንፍና ሊመስል ይችላል፣ ግን ትክክለኛው ሥራ እሱ ነው።

መጠገን ወይስ ከሥር መጀመር?

ከግቢው ግማሽ የሚበልጠው ጥሩ ሳር ከሆነ በላዩ ላይ መዝራት ይበቃል። አረሙ ከግማሽ በላይ ከያዘ፣ በተለይም ሰርዶ ከገባበት፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ይቀላል። ይህም ሁሉን በሚገድል መድኃኒት፣ አለበለዚያም በሰመሩ ፀሐይ መሬቱን ለሳምንታት በፕላስቲክ ሸፍኖ በማፈን ይከናወናል።

በሁለቱም መንገድ ወሳኙ ነገር ዘሩ አፈር መንካቱ ነው። በቆመ ሳር ላይ እንደ ጨው የተነሰነሰ ዘር ቅጠል ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ስለዚህ ሳሩ በመጀመሪያ አጠር ተደርጎ ይታጨዳል፣ የሞተው ሬክ በሚባለው ባለ ጥርስ መሣሪያ ተቧጥጦ ይወጣል፣ ከዚያም መሬቱ ትናንሽ የአፈር ሲሊንደሮችን መዞ በሚያወጣ ማሽን ይበሳል። ማሽኑን ከመሣሪያ አከራዮች በሰዓት ወይም በቀን መከራየት ይቻላል፤ ከባድ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መከራየት ጉልበትም ብርም ይቆጥባል። የወጣው አፈር እዚያው ይተዋል፣ ዝናብ ያፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ በሳሳው ቦታ ለ1,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ለ93 ካሬ ሜትር፣ ከ3 እስከ 4 ፓውንድ፣ ፍጹም ባዶ በሆነው ደግሞ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ዘር ይዘራል። ከዚህ ማብዛት ቡቃያው እርስ በርሱ ተፋፍጎ ለፈንገስ እንዲጋለጥ ያደርጋል። ከላዩ ስስ ኮምፖስት ወይም የአረም ዘር የሌለበት የስንዴ ገለባ ይለብሳል።

ዘር ሲገዛ ከረጢቱ ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ በሕግ የሚለጠፈውን መግለጫ ማየት ይገባል። በውስጡ የአረም ዘር ምን ያህል በመቶ እንደሆነ፣ የመብቀል አቅሙ ስንት እንደሆነና መቼ እንደተፈተሸ ተጽፎበታል። ርካሹ ድብልቅ ብዙ ጊዜ ዓመታዊ ራይግራስ ይይዛል፤ በቶሎ አረንጓዴ ያደርጋል፣ በዓመቱ ግን ሞቶ ቦታውን ባዶ ይተዋል። ኬንታኪ 31 የሚባለው የቶል ፌስኪዩ ዓይነትም አሮጌና ቅጠሉ ሻካራ ስለሆነ ለግቢ ተብለው ከተዳቀሉት አዳዲሶቹ ጋር አይወዳደርም።

ውሃ፣ ማጨድና የማዳበሪያው ሦስት ቁጥሮች

ዘሩ እስኪበቅል የላይኛው አፈር መድረቅ የለበትም፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። ከበቀለ በኋላ ልማዱ ይገለበጣል፤ አልፎ አልፎ፣ ግን ጠልቆ እንዲገባ፣ በሳምንት ከዝናቡ ጋር ተደምሮ አንድ ኢንች ያህል፣ በጠዋት። በየቀኑ በጥቂቱ የሚጠጣ ሳር ሥሩን ወደ ታች የሚልክበት ምክንያት የለውም።

ማጨድን በተመለከተ፣ የማሽኑ ምላጭ ከ3 እስከ 4 ኢንች ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት፣ በአንድ ጊዜም ከቅጠሉ ቁመት ከሲሶ በላይ መቆረጥ የለበትም። ረዘም ያለ ሳር መሬቱን ያጠላል፣ ጥላው ደግሞ የክራብግራስን ዘር ብርሃን ይነፍገዋል። የታጨደው እዚያው ቢበተን ሳሩ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ቀላል የማይባል ድርሻ ይመልሳል። ቅጠል ሲረግፍ ግን አዲሱን ቡቃያ እንዳያፍነው በየጊዜው መጠረግ አለበት። ባለ ሰፋፊ ቅጠል አረም የሚገድል መድኃኒትም አዲሱ ሳር ሦስት አራት ጊዜ ሳይታጨድ አይረጭም፤ እስከዚያ እጅ ይሻላል።

በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም መጠን በመቶኛ ናቸው። 25-0-10 የሚል ከረጢት ከክብደቱ ሩቡ ናይትሮጅን ነው፣ ፎስፈረስ የለውም። የመሀሉ ቁጥር ዜሮ የሆነው በሕግ ምክንያት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከግቢ የሚታጠብ ማዳበሪያ በጎርፍ መውረጃ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል፣ በዚያም አልጌ ያባዛል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ውሃው ኦክሲጅን ያጣል፣ ዓሣና ሸርጣን ያልቃሉ። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም የሚፋፋው ውሃ ውስጥ በሚገባ እንዲህ ያለ ምግብ ነው። ሜሪላንድ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣችውና ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የግቢ ባለቤት ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ማዳበሪያ እንዳይበትን ይከለክላል፤ የአፈር ምርመራ ካላሳየ ወይም አዲስ ሳር ካልተዘራ በቀር ፎስፈረስ አይፈቅድም፤ ናይትሮጅንም በአንድ ጊዜ ለ1,000 ካሬ ጫማ ከ0.9 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይወስናል። በ25-0-10 ከረጢት ሲሰላ ይህ 3.6 ፓውንድ ማዳበሪያ ነው። በአስፋልትና በእግረኛ መንገድ ላይ የፈሰሰው ተጠርጎ መነሣት አለበት። ቨርጂኒያም ለተለመደ የሣር እንክብካቤ የሚውል ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ መሸጥን ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከልክላለች።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያጠቃልለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሌላ ጥብቅ ደንብ አለው። በ2015 የጸደቀውና በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቶ በ2019 በይግባኝ የጸናው ይህ ደንብ፣ በግል ግቢ ሳር ላይ ለውበት ሲባል ሰው ሠራሽ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መርጨትን ይከለክላል፤ የተወሰኑ የተለዩ ሁኔታዎችና ለኦርጋኒክ እርሻ የተፈቀዱ ዓይነቶች ብቻ ይታለፋሉ። መድኃኒቱ እዚያው ካውንቲ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ግቢ ላይ መርጨት ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ሠራተኛ የሚቀጥር ሰውም ቢሆን ይህን መጠየቅ ይኖርበታል፤ በሜሪላንድ ለክፍያ ማዳበሪያ የሚበትን ሰው የምስክር ወረቀት ያለው ወይም በባለ ምስክር ወረቀት ቁጥጥር ሥር የሚሠራ መሆን አለበት።

ሳር ጭራሽ እምቢ ያለበት ቦታስ?

ቶል ፌስኪዩ በቀን አራት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ በየዓመቱ ቢዘራም በየዓመቱ ይሳሳል። ጥላው ቀለል ካለ ፋይን ፌስኪዩ የተባለው ቀጭን ቅጠል ዝርያ ይሞከራል፤ ጥቅጥቅ ካለ ግን የተቆራረጠ የእንጨት ልባስ ማልበስ ወይም ጥላ የሚወዱ አገር በቀል ተክሎችን መትከል ይመረጣል። በዚህ ላይ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ቅጣት ነው፤ ሜሪላንድ ግን ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ ማኅበራት አባላቱን የግድ ሳር ብቻ እንዲያለብሱ ማስገደድ እንዳይችሉ አድርጋለች፣ ግቢው እስከተያዘና ንጽሕናው እስከተጠበቀ ድረስ። ፀሐይ ባለው በቀረው ግቢ፣ በሁለተኛው ዓመት ሴፕቴምበር የሚጠብቀው ሥራ ሳስቶ በታየው ቦታ ላይ ያንኑ ከ3 እስከ 4 ፓውንድ ዘር ደግሞ መዝራት ነው።